ፋብሪካው ሳይቆም፣ ጾሙም ሳይፈታ



የትንሣኤ በዓል በመጣ ቁጥር ስለ ሥርዓተ ጾሙ፣ ስለ ሰሙነ ሕማማቱ፣ ስለ ቄጠማውና ስለ ዶሮው ብዙ ይባላል፤ ብዙም ይጻፋል። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ስለሚታለፍ አንድ ጉዳይ ልናወሳ ወደድን። ይኸውም ሁለት ወር ሊሞላ አምስት ቀን ብቻ የሚቀረውን ጾም እየጾመ፣ በዚያው ጊዜ በዓመቱ ውስጥ እጅግ ከባድ የሆነውን ሥራ የሚሠራው ሰው ጉዳይ ነው። ለመሆኑ ይህ ሰው እንዴት ይዘልቀዋል? ጉልበቱንስ ከየት ያመጣዋል?

ለዚህ ጥያቄ ከአዳማና ከዙሪያዋ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። ቀድሞ ናዝሬት ስትባል ከኖረችው፣ ዛሬም ብዙ ሰው በዚያው ስሟ ከሚጠራት ከአዳማ ተነሥቶ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ወንጂ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ዓይን የሚያርፍበት ሁሉ አገዳ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር የተከለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ምርት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። ከጎኑ የሸዋ ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም. ተጨመረ፤ ወደ ምሥራቅ ዝቅ ብሎም በቆላው መተሐራ ሌላ ፋብሪካ በ1962 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. ሁሉም ወደ መንግሥት ይዞታ ዞሩ። የወንጂና የሸዋ አሮጌ ፋብሪካዎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሲዘጉ በምትካቸው በዶዶታ በኩል የተተከለው አዲሱ ፋብሪካ በ2006 ዓ.ም. ማምረት ጀምሯል። የፋብሪካው መሣሪያ ቢለወጥም የአገዳው ጠባይ ግን አልተለወጠም፤ የነገራችን ሥርም ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ስኳር ፋብሪካ እንደ ሌላው ፋብሪካ አይደለም። ጨርቅ ቢያድር ጨርቅ ነው፤ ብረትም ቢከርም ያው ብረት ነው። አገዳ ግን ቅጠሉ ተቃጥሎ፣ ግንዱ ተቆርጦ ከወደቀባት ሰዓት ጀምሮ በውስጡ ያለው ስኳር መበላሸት ይጀምራል። በመሆኑም ዛሬ የተቆረጠው ከቻለ ዛሬውኑ፣ ካልሆነም በማግሥቱ ወፍጮው ውስጥ መግባት አለበት። ቆራጩ ከዘገየ መኪናው ባዶውን ይቆማል፤ መኪናው ከዘገየ ወፍጮው ይራባል፤ ወፍጮው ከተራበ ደግሞ ቦይለሩን የሚያነደው የአገዳ ገለባ ራሱ ይጎድላል። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ መፍጨት ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ዝናብ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ሥራው በሦስት ፈረቃ፣ ቀንም ሌሊትም ይቀጥላል።

እንግዲህ አንባቢ የቀን መቁጠሪያውን ገልጦ ይመልከት። ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት፣ የልደት በዓል፣ ጥምቀት፣ ዐቢይ ጾም፣ ሰሙነ ሕማማት፣ ትንሣኤ፣ ሁሉም የሚውሉት በዚሁ የመፍጫ ወቅት ውስጥ ነው። ሁለቱ ታላላቅ አጽዋማት ብቻ ሲደመሩ መቶ ቀን ገደማ ይሆናሉ። ገበሬው አባታችን በጥር እህሉን ከወቃ በኋላ ዐቢይ ጾምን በአንጻራዊ ዕረፍት ይቀበል ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም። የፋብሪካው ሠራተኛና አገዳ ቆራጩ ግን ሥራው በገነነበት ወቅት ጾሙ ይመጣበታል።

ይህን ጫና ስለ መሸከም ሲነገር ዘወትር የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ ጥርስን ነክሶ መቻል። እኛ ይህን ምክር አንንቀውም። ነገር ግን ጥርስ መንከስ የሚበጀው ለአንድ ቀን፣ ቢበዛ ለአንድ ሳምንት ነው። ሰባትና ስምንት ወር የሚዘልቅ ሥራ ጥርስ ተነክሶ አይዘለቅም። እንዲያ የሞከረ ሰው መጋቢት ላይ ይደክማል፤ ሚያዝያ ላይ ይታመማል ወይም እጁን ለማሽን ይሰጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በድካም የተሠራ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ፋብሪካው ራሱ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ክረምት ሲገባ ወፍጮው ይቆማል፤ ቦይለሩ ይከፈታል፤ ያለቀው ጥርስ ይለወጣል፤ የላላው ይጠብቃል። በመፍጫው ወቅት ውስጥ እንኳ የአገዳው ጭማቂ የሚተንባቸው ታላላቅ ጋኖች ውስጣቸው ቅርፊት ስለሚይዝ በየጊዜው ቆመው ይታጠባሉ። ይህን ጊዜ እንደ ስንፍና የሚቆጥር መሐንዲስ የለም፤ እንዲያውም ሳያጥብ የሚቀጥለው ነው የሚገሠጸው። ታዲያ ለብረቱ የተፈቀደው ዕረፍት ለባለ ብረቱ ሲሆን ለምን እንደ ቅንጦት ይታያል?

ከዚህ ላይ ጾሙን ራሱን ቀረብ ብለን ብንመረምረው አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ብዙዎቻችን ዐቢይ ጾምን የምናስበው እንደ አንድ ረጅም፣ እረፍት የለሽ አቀበት ነው። ሥርዓቱ ግን እንዲህ አይደለም። 55ቱ ቀናት በስምንት ሳምንታት ተከፍለዋል፤ እያንዳንዱም ሰንበት የራሱ ስም፣ የራሱ ምንባብና የራሱ ዜማ አለው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ እያለ እስከ ሆሣዕና ይሄዳል። ጿሚው 55 ቀን በአንድ ጊዜ አይሸከምም፤ ከሰንበት እስከ ሰንበት ያለውን ብቻ ይሸከማል። አምስተኛው ሰንበት ደብረ ዘይት ሲደርስ እኩሌታው እንደ ተጋመሰ ያውቃል። ከዚህም በላይ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት ምግብ መከልከሉ እንዳለ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል የለም። ከዚህ የምትለየው ቀዳም ስዑር ብቻ ናት። ስለዚህ ጾሙ አምስት ቀን ያጠብቃል፤ ሁለት ቀን ያላላል። አባቶች ይህን ሲሠሩ የሰውን ልክ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ስድስተኛው ሰንበት ደግሞ ገብር ኄር ይባላል። በዚህ ዕለት የሚነበበው መክሊት ተቀብለው ስለ ነገዱት አገልጋዮች የሚናገረው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ነው። የታመነውን ሠራተኛ የሚያመሰግን ምንባብ በጾሙ ወገብ ላይ መቀመጡ በራሱ ብዙ ይናገራል። በስብከት ጊዜ አዘውትሮ የሚወቀሰው መክሊቱን የቀበረው ሰነፍ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ጌትዮው መክሊቱን ሲያከፋፍል ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ የሰጠው እንደ እያንዳንዱ ዐቅም መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ሁለት የተቀበለው አራት ይዞ ሲመጣ ስለ ምን አሥር አላመጣህም አልተባለም። ይህ ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ሥራ ለሚያከፋፍለው አለቃም የተነገረ ይመስለናል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንዲት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱ እንድትወሰድ የለመነበት ታሪክ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። በዘመኑ ቋንቋ ብንናገር ሥራ የሰበረው ሰው ነበር። ወደ እርሱ የመጣው መልአክ አልገሠጸውም፤ ተነሥና ሥራህን ቀጥል ብሎም አልጀመረም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ ዳግመኛ መገበው። የአርባ ቀኑ መንገድ የተጀመረው ከሁለት እንቅልፍና ከሁለት ማዕድ በኋላ ነው።

ይህ የመጻሕፍት ትርጓሜ ብቻ እንዳይመስል ከሌላው ዓለም የተገኘውንም እናክል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መንግሥት ጥይትና መድፍ በሚሠሩ ፋብሪካዎች ሠራተኛውን ሰንበትን ጨምሮ ያለ ዕረፍት ያሠራ ነበር። አገር በጦርነት ላይ ነበርና ማንም ዕረፍት ሊጠይቅ አይደፍርም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1915 የሠራተኞቹን ጤና እንዲያጠና የተቋቋመው ኮሚቴ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ሰንበት ማሠራት ለምርቱም እንደማይበጅ ደረሰበት። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ጆን ፔንካቬል የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ምሁር የዚያኑ ዘመን መዝገብ እንደገና መረመሩት። በሳምንት ከ50 ሰዓት ገደማ በላይ ሲሠራ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት የሚገኘው ምርት እያነሰ መሄዱን፣ 70 ሰዓት የሠራውም 56 ሰዓት ከሠራው እምብዛም ብልጫ እንዳልነበረው አሳዩ። አሥራ አራቱ ሰዓት ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ወደ አገዳው ስንመለስ ከዚህም የቀረበ ማስረጃ እናገኛለን። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በተለይም በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ፣ ወጣት አገዳ ቆራጮችን የሚፈጅ የኩላሊት በሽታ ለረጅም ዓመታት ታይቷል። ተመራማሪዎች በሽታውን በፀሐይ ሙቀትና በውኃ ጥም ውስጥ ከሚሠራ ከባድ ሥራ ጋር አጥብቀው ያያይዙታል። እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 የአዝመራ ወቅት በኤል ሳልቫዶር አንድ ሙከራ ተደረገ። ቆራጩ በጀርባው ውኃ እንዲይዝ፣ ከቦታ ቦታ የሚጓጓዝ ጥላ እንዲተከልለት፣ በተወሰነ ሰዓት እንዲያርፍ ተደረገ፤ የተሻሻለ ገጀራና የተሻለ የአቆራረጥ ዘዴም ተሰጠው። አስቀድሞ አንድ ሰው በቀን 5.1 ቶን ይቆርጥ የነበረው ወቅቱ ሲገፋ እስከ 7.3 ቶን ደረሰ። ገጀራው የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዕረፍት ምርት ይቀንሳል የሚለው ሥጋት ግን እውነት ሆኖ አልተገኘም።

የእኛ አገዳ ቆራጮች አብዛኞቹ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ለወቅቱ የሚመጡ ናቸው። በወንጂ ያለው ሙቀት መጠነኛ ቢሆንም የመተሐራው ቆላ ግን ቀልድ አያውቅም። እንግዲህ ከጿሚው አንጻር አንድ ከባድ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ጾም ማለት እስከ ተወሰነ ሰዓት ከምግብም ከውኃም መከልከል ነውና፣ ከንጋት ጀምሮ በቃጠሎ ጥቀርሻ መካከል ገጀራ የሚያነሣ ሰው ሳይጠጣ ዘጠኝ ሰዓት ሊደርስ ነው? በከሰዓቱ ፈረቃ የሚገባው ይቀለዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በዕረፍቱ ምሳውን ይከፍታል። የሌሊት ተረኛውም ማታ ተመግቦ ይገባል። የጠዋቱ ፈረቃ ግን ሙሉ ሥራውን በባዶ አንጀት ይፈጽማል። በዚህ ረገድ እኛ ፍርድ ለመስጠት አንደፍርም። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ድውዩንና ዐቅም ያነሰውን የምታይበት ርኅራኄ እንዳላት፣ የንስሐ አባትም የተሾሙት ለእንዲህ ላለው ነገር መሆኑን ማሳሰብ ተገቢ ነው። የሥራውን ዓይነት፣ የሙቀቱን መጠን፣ የራሱንም ጤንነት ሳይደብቅ ለንስሐ አባቱ የነገረ ምእመን ምክር ያገኛል። ሳይነግር በየመስኩ የሚወድቀው ግን ጾሙንም ሥራውንም ያጣል። ስለ ምግቡ እንደሆነ የጾም ገበታችን ለጉልበት የሚያሳፍር አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍቱ፣ ከመሶብ ጥግ የማይጠፋው በሶና ቆሎ ሠራተኛ ያቆማሉ፤ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ውኃና እንቅልፍ ነው።

እንቅልፍን ካነሣን ዘንድ የሌሊቱን ፈረቃ ሳንጠቅስ አናልፍም። የሰው አካል ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ይዝላል። ከእንቅልፉ ከነቃ 17 ሰዓት ያህል ያለፈው ሰው ዓይኑና እጁ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚዘገይ በጥናት ታውቋል። ይህ ለወፍጮ ተቆጣጣሪው ብቻ ሳይሆን አዳማን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ ለሚወርደው የጭነት መኪና አሽከርካሪም ነው፤ ለቁልቢ ገብርኤል ምእመናን ጭኖ ሲመላለስ ለሚሰነብተውም እንዲሁ። ቡና ቢጠጣ፣ ጫትም ቢይዝ እንቅልፉ ዕዳ ነውና ሳይከፈል አይቀርም። በመስመሩ በስተደቡብ፣ በባቱ (ዝዋይ) የአበባ እርሻዎች፣ አውሮፓውያን የፍቅረኞች ቀን ብለው የሚያከብሩት የካቲት 7 ገደማ ሲቃረብ ተመሳሳይ ጥድፊያ አለ። ጽጌረዳው እንደ አገዳው ሁሉ ቀጠሮ አያስተላልፍም፤ እዚያም ሥራው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ያለ በመሆኑ ከእርሻው መልስ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ፈረቃ ይጠብቃቸዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ፣ ለሠራተኛውም በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጠው ይደነግጋል። በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው ሁለት እጥፍ ተኩል ይከፈላል። ይሁንና ልክ ባለፈ ትርፍ ሰዓት የሚወቀሰው ሁልጊዜ አሠሪው ብቻ አይደለም። በዓል ሲቃረብ የበጉ፣ የዶሮው፣ የቅቤውና የልጆቹ ልብስ ወጪ ያስጨነቀው አባወራ ራሱ ፎርማኑን እየለመነ ተደራራቢ ፈረቃ ይጠይቃል። በመጨረሻም በጉ ታርዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እርሱ ከጥግ ተቀምጦ ያንቀላፋል። በዓሉን ለማሳመር ብሎ በዓሉን ሳያየው ያልፋል። በእኛ አስተያየት በግ ቀርቶ ዶሮ፣ ዶሮም ቀርቶ እንቁላል የቀረበበት ነገር ግን ባለቤቱ ነቅቶ የተቀመጠበት ገበታ ይሻላል።

ስለ እመቤቶችም አንድ ነገር እንበል። በየቤቱ የሥራ መብዣው ወቅት ቀዳም ስዑር ነው። ሽንኩርቱን የምትከትፈው፣ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ የምታወጣው፣ ዳቦውን የምትጋግረው፣ ልጆቹን አጥባ የምታለብሰው እናት በዚያው ዕለት አክፍላ የዋለች ናት። ከመካከላቸውም ጠዋት ከፈረቃ የተመለሱ አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሽንኩርት መላጥ ወንድ ልጅን አያዋርድም፤ ጎረቤታሞች ተጠራርተው በአንድ ጓሮ ቢሠሩም እንደ ጥንቱ ደቦ ሥራው ወደ ጨዋታ ይለወጣል። ከቅዳሴ መልስ ሌሊት ሲፈታም 55 ቀን ቅባት ያልነካውን ሆድ በተልባ አለስልሶ፣ ከዶሮው ጥቂት ቀምሶ መተኛት የነበረው ልማድ ለነገ ሥራ ለሚገባ ሰው እጅግ ይጠቅማል። ክትፎውና ጥብሱ ለነገም ይደርሳል።

በመጨረሻ የምናነሣው የፈረቃ ልውውጡን ነው። ወፍጮው በፋሲካ ሌሊትም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል። እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ፣ የብዙ ብሔረሰብና የብዙ እምነት ሰው በአንድ ሰፈር በሚኖርባቸው ቦታዎች፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን የፋሲካ ተራ መያዙ፣ ክርስቲያኑም በተራው ለኢድ አል ፈጥርና ለዓረፋ ተክቶ መግባቱ በየሥራው ቦታ ሲደረግ የኖረ ነው። ደመወዝ አይጨመርበትም፤ ማስታወቂያም አይወጣበትም። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ማን ለማን እንደሚገባ በቃል ያልቃል። ይህን ውለታ በየፋብሪካው ያሉ የፈረቃ ኃላፊዎች አስቀድመው በጽሑፍ ቢይዙትና ሕጉ የሚሰጠውን የበዓል ክፍያ በትክክለኛው ስም ቢመዘግቡት፣ ቅዳሜ ማታ ከሥራ የሚወጣው ሠራተኛ ስለ ተተኪው ሳይሠጋ ነጠላውን አንሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ፣ የቀረውም ባልደረባው በማግሥቱ ከበዓሉ ገበታ ድርሻው ሳይጎድል ከነሰሐኑ እንዲደርሰው ለማድረግ ጊዜ ይኖራቸዋል።